ለቤዝ ኦቨርድራይቭ ስትመርጥ ወፍራሙ ድምፅ የት እንደሚሄድ እይ

ጥያቄ፦ «ቤዝ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባንዳችን ሁለት ጊታር፣ ድራምና እኔ ነን። ድምፄ ትንሽ ሻከር እንዲል ፈልጌ የጊታሪስታችንን ኦቨርድራይቭ ፔዳል ተውሼ ሞከርኩት። ቤት ብቻዬን ስጫወት ደስ ይል ነበር። ልምምድ ላይ ግን ፔዳሉን ስረግጠው ቤዙ ጭራሽ ጠፋ። አሁን የራሴን ልገዛ ነው። የግድ ለቤዝ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት? ብሌንድ የሚባል ማዞሪያ ያለውን ግዛ የሚሉኝም አሉ። ምን አይቼ ልምረጥ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ፔዳሉ ላይ «ለቤዝ» ተብሎ መጻፉ የግድ አይደለም። የግድ የሆነው ፔዳሉ ወፍራሙን ድምፅህን ምን እንደሚያደርገው ማወቅህ ነው። ብሌንድ (ንጹሑንና የሻከረውን ድምፅ የሚያቀላቅል ማዞሪያ) ያለውን ግዛ ያሉህ ሰዎችም ልክ ናቸው፤ በተለይ የመጀመሪያ ፔዳልህ ከሆነ። ግን ብሌንዱ ምን እየሠራ እንደሆነ ካልገባህ እሱም ሊያሳስትህ ይችላል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ የፔዳሉም አይደለም። እኔም ያንኑ መንገድ አልፌበታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጊታር ፔዳል ተውሼ መድረክ ላይ ወጣሁ። ዘፈኑ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ላይ ስደርስ ረገጥኩት። ድራመሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ ኬብሌ የተነቀለ መስሎት ነበር። ያችን ቦታ ለሳምንታት ተለማምጃት ነበርና በጣም አዘንኩ። ምክንያቱን የተረዳሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው። አንተ ያን ያህል እንድትቆይ አልፈልግም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ወፍራሙ ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ማለትም 41 ሄርዝ ነው። የጊታር ወፍራም ኢ ክር 82 ሄርዝ ነው፣ ልክ እጥፉ። ባለ አምስት ክር ቤዝ ከያዝክ ቢ ክሩ እስከ 31 ሄርዝ ይወርዳል። የጊታር ፔዳል የሚሠራ ሰው እዚያ ታች ያለውን ድምፅ አያስፈልገውም። እንዲያውም ያስቸግረዋል። ወፍራም ድምፅ በኦቨርድራይቭ ውስጥ ሲያልፍ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይጨማለቃል። ስለዚህ ሆን ብሎ ይገድበዋል።

ዝነኛውን አረንጓዴ ፔዳል፣ የአይባኔዝን ቲዩብ ስክሪመር እንውሰድ። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው። ዛሬም ድረስ ብዙ የጊታር ኦቨርድራይቭ የእሱ ዘር ነው፤ የጊታሪስታችሁም ፔዳል ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ያ ሰርኪዩት ከ720 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ያሻክራል። ከዚያ በታች ያለው ግን ወደ ታች በወረድክ ቁጥር የሚጎላው እያነሰ ይሄዳል። 41 ሄርዝ ላይ ስትደርስ የሚጎላው በጣም ጥቂት ነው።

ይኸን ልብ በልልኝ። ፔዳሉ ቤዝህን ቆርጦ አልጣለውም። መካከለኛውን ድምፅ ብዙ እጥፍ አሳድጎ ወፍራሙን እዚያው ተወው። አንተ ደግሞ ፔዳሉ ሲበራ ድምፁ ስለጮኸብህ ሌቭሉን (የሚወጣውን ድምፅ መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) ዝቅ ሳታደርግ አትቀርም። ያኔ ወፍራሙ አብሮ ወረደ። ቤት ውስጥ ይኸ አይታወቅም፤ ጆሮህ የሚሰማው ያ የሚጥም ሻካራነት ነው። ልምምድ ላይ ግን ያ መካከለኛ ድምፅ ሁለት ጊታሮች ተቀምጠው የሚጠብቁበት ሰፈር ነው። እነሱ ዋጡት። ከታች ያለው ደግሞ ቀድሞ ወርዷል። ምን ቀረህ? ምንም።

አሁን ኦቨርድራይቩ ራሱ ምን እንደሚሠራ እንይ። ምርጫህን በእውነት የሚያቀልልህ ይኸ ነው።

ድምፅህ በኤሌክትሪክ መልክ ሲሄድ ሞገድ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰርኪዩቱ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ስታሳድገው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ ሲቆረጥ አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ። እነዚህ ሃርሞኒክስ ይባላሉ፣ የመነሻው ብዜቶች ናቸው። 41 ሄርዝ ብትመታ 82፣ 123፣ 165፣ 206 እያለ ወደ ላይ ይቀጥላል። ክርህ በተፈጥሮውም እነዚህ አሉት። ኦቨርድራይቭ ያጎላቸዋል፣ ይጨምርባቸዋልም። የሞገዱ ላይና ታች እኩል ከተቆረጠ የሚበዙት ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው ናቸው። እኩል ካልተቆረጠ ሁለተኛውና አራተኛውም ይገባሉ። ብዙ ጆሮ ሁለተኛውን ሞቅ ያለ ብሎ ነው የሚሰማው። «ይኸ ፔዳል እንደ ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ እንደሚሠራው የድሮ ማጉያ) ነው» ሲባል አንዱ ምክንያት ይኸ ነው።

ይኸ ለቤዚስት ትልቅ ነገር ነው። የስልክ ስፒከር 41 ሄርዝ ማውጣት አይችልም። ትንሽ ቴሌቪዥንም፣ ትንሽ የጠረጴዛ ስፒከርም አይችልም። ንጹሕ ቤዝ በእነዚህ ላይ ይጠፋል። ሃርሞኒክሱ ካለ ግን አእምሯችን ስፒከሩ ሊያወጣቸው የቻሉትን ብዜቶች ሰምቶ የሌለውን 41 ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቤዙ ወፍራም ሆኖ ይሰማናል፤ ስፒከሩ ግን ያንን ድምፅ አላወጣውም። ስቱዲዮ ውስጥ ሻካራነቱ በማይታወቅ መጠን ብቻ ቤዝ ላይ ኦቨርድራይቭ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። እኔ ከሁሉም አጠቃቀም አብልጬ የምወደው ይኸንን ነው። አድማጩ «ቤዙ ሻክሯል» አይልም። «ቤዙ ዛሬ ይሰማል» ነው የሚለው።

ይኸው ሕግ ሌላ ጎንም አለው። ሁለት ኖታ አንድ ላይ ስትመታ ኦቨርድራይቩ የሁለቱን ልዩነትም ይወልዳል። ኢ ክርን በ41 እና ከላዩ ያለውን ቢ በ62 ገደማ አንድ ላይ ብትመታ 21 ሄርዝ አካባቢ አዲስ ጉርምርምታ ይመጣል። ያ ሙዚቃ ሳይሆን ጭቃ ነው። አምፕህንም በከንቱ ያደክመዋል። በኦቨርድራይቭ ሁለት ክር ደርበህ መምታት ካማረህ ወደ ላይኛው አንገት ሂድ፣ ዲ እና ጂ ክር ላይ። ታች ላይ አንድ ኖታ ብቻ።

እንግዲህ ብሌንድ። አንዳንዱ ፔዳል ላይ «ሚክስ»፣ አንዳንዱ ላይ «ድራይ»፣ አንዳንዱ ላይ «ባላንስ» ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ድምፅህ ፔዳሉ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። ሌላው ይሻክራል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ መጠኑን አንተ ነህ የምትወስነው። ወፍራሙ ድምፅ በንጹሑ መንገድ ስለሚሄድ ማንም አይነካውም። የጣትህ ምትም፣ ያች ኖታው የምትጀምርባት «ዱም» የምትል ነገር፣ በዚሁ መንገድ ትተርፋለች። የሻከረው ድምፅ ብቻውን ሲሆን መጀመሪያ የሚጠፋው እሷ ናት። ድራመሩ የኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቅ ድራም) ምት የሚያገናኘው ደግሞ ከእሷ ጋር ነው።

የየስ ባንዱ ቤዚስት ክሪስ ስኳየር ይኸን በሌላ መንገድ ሠርቶታል። የሪከንባከር ቤዙን ሁለት ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩትን) ለይቶ ለየብቻ ያወጣ ነበር። አንዱን ንጹሕ፣ ሌላውን ሻካራ። አሁን ያ ሁሉ በአንድ ማዞሪያ ተጠቃሏል።

ብሌንድ ሲበዛ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። ከታች አንድ ንጹሕ ቤዝ፣ ከላይ ደግሞ አንዲት ንብ። ሁለቱ አይገናኙም። ይኸ የሚሆነው በአብዛኛው የሻከረው መንገድ በጣም ሲሻክርና ወፍራሙ ሁሉ ከእሱ ሲወጣ ነው። መፍትሔው ጌይኑን (አንዳንዱ ፔዳል ላይ «ድራይቭ» የሚባለውን፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሚሻክር የሚወስነውን) መቀነስ ነው። ወይም ከመሻከሩ በፊት ትንሽ ወፍራም ድምፅ እንዲገባ መፍቀድ ነው። አንዳንድ ፔዳሎች ይኸን የሚወስን ማብሪያ አላቸው። የዳርክግላስ ቢ3ኬ ላይ «ግራንት» የምትባለው ትንሽ ማብሪያ ሥራዋ ይኸ ነው፤ ወደ ሻካራው ክፍል ስንት ወፍራም ድምፅ እንደሚገባ ትወስናለች። «አታክ» የምትባለው ደግሞ የቀጭኑን ድምፅ መጠን ትወስናለች። ዳርክግላስ ከሄልሲንኪ የመጣ ድርጅት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ። ለቤዝ ብቻ ብሎ መነሳቱ በእነዚህ ሁለት ትንንሽ ማብሪያዎች ላይ በደንብ ይታያል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። የሻከረው መንገድ ሞገዱን ገልብጦት ሊወጣ ይችላል። ንጹሑ ሲወጣ እሱ ይወርዳል ማለት ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጥሩ የቤዝ ፔዳሎች ይኸን አስተካክለው ነው የሚወጡት። ሁለት ዕቃ በራስህ ስታቀላቅል ግን ሊገጥምህ ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው። ኢ ክርን እየመታህ ብሌንዱን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ አዙረው። መሃል ላይ ስትደርስ ድምፁ ከሁለቱም ዳር ይልቅ ከቀጠነ ያ ቅልቅል አይሆንህም። ተወው።

ብሌንድ የሌለው ጥሩ የቤዝ ኦቨርድራይቭ የለም ማለቴ አይደለም። ወፍራሙን ድምፅ ሳይቆርጥ ሙሉውን በልኩ የሚያሻክር ፔዳል አለ። ጌይኑ ዝቅ ባለበት ቦታ እንዲያውም ከብሌንድ የበለጠ አንድ ወጥ ይሆናል። የድሮ ቲዩብ አምፕ ብሌንድ አልነበረውም። አምፔግ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው 300 ዋት ኤስቪቲ ሲገፋ የሚሰጠው ድምፅ ነው እኮ ብዙዎቻችን «የቤዝ ሻካራነት» ስንል በጆሯችን የሚመጣው። የሞተርሄድ ባንዱ ቤዚስት ሌሚም ፔዳል ላይ ሳይሆን ማርሻል አምፕ ላይ ነበር የሚተማመነው። አምፑ ላይ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ከፍ፣ ቤዙንና ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ዝቅ አድርጎ። ቤዚስት ሆኖ ቤዙን ዝቅ! ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ይሰማ ነበር። ምክንያቱ ሚዱ ነው። ይኸን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ዓይነቶቹ ብዙ አላስረዝምም። በሦስት ጎራ ከፍለህ ብታያቸው ይበቃል።

አንደኛው አምፕን የሚመስለው ነው። የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር የዚህ አባት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ እስካሁን በየስቱዲዮው አለ። ድራይቭ፣ ብሌንድ፣ ፕረዘንስ እና የራሱ የድምፅ ማስተካከያ አለው። ትልቁ ጥቅሙ በቀጥታ ወደ ሚክሰር መግባት መቻሉ ነው። አምፕ በሌለበት መድረክ ላይ ይኸ ከሻካራነቱም በላይ ይጠቅምሃል። ሁለተኛው ጠንከር ያለና ጥርት ያለ ዘመናዊ ሻካራነት ነው፤ ዳርክግላስ ቤት የሚገኘው። ለከባድ ሙዚቃ፣ ለፈጣን ኖታ፣ በፒክ ለሚጫወት ሰው። ሦስተኛው ፈዝ ነው። እሱ ኦቨርድራይቭ አይደለም፣ ከዚያ እጅግ የበረታ ሻካራነት ያለው ሌላ እንስሳ ነው። ቢግ መፍን የመሰለ ፔዳል መካከለኛውን ድምፅ ይቀንሰዋል። የሙዩዝ ባንዱ ቤዚስት ክሪስ ወልስተንሆልም በቢግ መፍ ተራራ የሚያክል ድምፅ ያወጣል። ግን ባንዳቸው ውስጥ ያለው አንድ ጊታር ነው። አንተ ሁለት አለብህ። ለመጀመሪያ ፔዳል ፈዝ አልመክርህም።

በእነዚህ መሃል ደግሞ የታወቁ ሁለገብ ፔዳሎች አሉ። የኤምኤክስአር ኤም89 ቤዝ ኦቨርድራይቭ አራት ማዞሪያ ብቻ ነው ያለው፦ ድራይ፣ ቮልዩም፣ ቶን፣ ድራይቭ። ንጹሑን ለብቻው ነው የምታስተካክለው፤ ይኸ አሠራር ለጀማሪ በጣም ግልጽ ነው። አይባኔዝም ያንኑ አረንጓዴ ፔዳል ለቤዝ አድርጎ ሠርቶታል፤ ቲኤስ9ቢ ይባላል። ሚክስና ለብቻው የቤዝና የትሬብል ማዞሪያ ጨምሮበታል። የጓደኛህን ፔዳል ጣዕም ከወደድከው መጀመሪያ ይኸንን ሞክር። የቦስ ኦዲቢ-3 ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ባላንስ የሚለው ማዞሪያው ብሌንድ ነው። ጌይኑ ሲበዛ ጆሮ ይወጋል። ዝቅ አድርገህ፣ የላይኛውን ድምፅ ቀንሰህ ከያዝከው ግን ሰዎች ከሚያሙት በላይ ጥሩ ፔዳል ነው ብዬ አምናለሁ።

ፔዳል ከማየትህ በፊት ግን የራስህን ቤዝ እይ። አክቲቭ ነው ወይስ ፓሲቭ? ባትሪ የሚወስድ ከሆነ አክቲቭ ነው። አክቲቭ ቤዝ የሚልከው ድምፅ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ነው። ስለዚህ ድራይቩን ዜሮ ላይ አድርገህም ፔዳሉ ሊሻክር ይችላል። ያን ጊዜ የቤዝህን ቮልዩም ዝቅ ማድረግ ወይም በ18 ቮልት የሚሠራ ፔዳል መፈለግ ይረዳል። ቮልቴጁ ሲጨምር ድምፁ ሳይቆረጥ የሚያድግበት ቦታ ይሰፋል። ሁሉም ፔዳል ግን 18 ቮልት አይችልም። የተጻፈበትን አንብብ፣ በግምት አትሰካ።

ክርህስ መቼ ነው የተቀየረው? ያረጀ ክር ሃርሞኒክሱ ሞቷል። ኦቨርድራይቭ የሚያሻክረው ያለውን ነው። ባረጀ ክር የተሞከረ ፔዳል ሁሉ ድፍን ነው የሚሆነው። ሰው ፔዳል ሸጦ ሌላ ፔዳል ሲገዛ አይቻለሁ፤ የሚያስፈልገው አዲስ ክር ነበር። በተቃራኒው ለስላሳ ጠፍጣፋ ክር የሚወድ ሰው ካለ ከዝቅተኛ ጌይን ጋር በጣም ያምራል። እሱ ምርጫ ነው።

ካቢኔትህንም (ስፒከሩ ያለበትን ሣጥን) አትርሳ። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ብዙም አያወጣም። የኦቨርድራይቭ ጩኸት እዚያ ላይ ይለሰልሳል። ብዙ የቤዝ ካቢኔት ግን ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) አለው። ትዊተር ያንን «ዝዝዝ» የሚል ነገር አንድም ሳይቀር ያወጣዋል። ፔዳሉን ከመጥላትህ በፊት ትዊተሩን ቀንሰው ወይም አጥፋው። በቀጥታ ወደ ሚክሰር የምትገባ ከሆነ ደግሞ ካቢኔትን የሚመስል ማጣሪያ ያለው ፔዳል ምረጥ፤ ወይም ሳውንድ ማኑን ላይኛውን ድምፅ እንዲቆርጥልህ ጠይቀው። ይኸን ሳታደርግ የሚሰማህ ድምፅ የፔዳሉ እውነተኛ ድምፅ አይደለም።

ቅደም ተከተል? ኦክታቭ ፔዳል (ያንኑ ኖታ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ወይም ወጥቶ የሚጨምር) ካለህ ከኦቨርድራይቩ በፊት ይሁን፤ ኖታህን ለይቶ ለማወቅ ንጹሕ ድምፅ ይፈልጋል። ኮምፕረሰር (የጮኸውንና የለሰለሰውን ምት የሚያቀራርብ ፔዳል) እንደ ፍላጎትህ ነው። ከፊት ሲሆን ሻካራነቱ እኩል ይሆናል፤ ግን ጠንክረህ ስትመታ የሚመጣው ለውጥ ይቀንሳል። እኔ ያንን ለውጥ ስለምወደው ከኋላ፣ ያውም በጥቂቱ ነው የማደርገው። ኦቨርድራይቭ ራሱ እኮ ድምፁን ይጨምቃል። የሞገዱ ጫፍ ተቆርጧልና።

አሁን ወደ ሙከራው። ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

የራስህን ቤዝ ይዘህ ሂድ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቤዝ አንስተህ አትሞክር። በፒክ የምትጫወት ከሆነ ፒክህን ያዝ። የጊታር አምፕ ላይ ሳይሆን የቤዝ አምፕ ላይ ሰካ። ፔዳሉን ሳታበራ አምስት ደቂቃ ተጫወት፤ ጆሮህ ንጹሑን ድምፅህን ይልመደው። ከዚያ አብራውና መጀመሪያ ሌቭሉን አስተካክል። ሲበራም ሲጠፋም ድምፁ እኩል እስኪጮህ ድረስ። ይኸን እንዳትዘል፣ አደራ! ጆሯችን የጮኸውን ነገር የተሻለ አድርጎ ይሰማል። በተለይ ወፍራም ድምፅ ከፍ ሲል የበለጠ የሞላ ይመስለናል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሰዎች ይኸን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ትንሽ የጮኸ ፔዳል ሁልጊዜ ያታልላል።

እኩል ከሆነ በኋላ ኢ ክርን ባዶውን ምታና እስኪሞት ድረስ ጠብቅ። እንዴት ነው የሚሞተው? እየለሰለሰ ወደ ንጹሕ ድምፅ ከተመለሰ ጥሩ ነው። እየተንተፋተፈ ድንገት ከተቆረጠ ዝግ ባለ ዘፈን ላይ ያስቸግርሃል። ቀጥል። አንዱን ሐረግ አንድ ጊዜ በለስላሳ፣ አንድ ጊዜ ጠንክረህ ተጫወተው። ለስላሳው ንጹሕ፣ ጠንካራው ሻካራ ከሆነ ፔዳሉ እጅህን ይሰማል ማለት ነው። እኔ ፔዳል የምመርጠው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ብዙ ማዞሪያ ያለው ሆኖ እጄን የማይሰማኝ ፔዳል አይጥመኝም። ከዚያ ኢ ክር ላይ ፈጠን ያሉ ኖታዎችን ሞክር፤ ኖታዎቹ ለየብቻ ይሰማሉ ወይስ አንድ ጉርምርምታ ሆነዋል? በመጨረሻም ጂ ክር ላይ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ውጣ። እዚያ ድምፁ እንደ ወባ ትንኝ ከቀጠነ ብሌንዱን ጨምር።

ከተቻለ ድራምና ጊታር ያለበት ነገር ከስልክህ ላይ ጮክ አድርገህ ከፍተህ ከሱ ጋር ተጫወት። ብቻህን ስትሰማው የሚያስጠላህ ሸካራ ጫፍ ብዙ ጊዜ ባንድ ውስጥ አይሰማም። ሲምባሉና ጊታሩ ይሸፍኑታል። የሚተርፈው ቤዙ እንዲለይ የሚያደርገው ክፍል ነው። ስለዚህ ቤትህ ቁጭ ብለህ ድምፁን እያለሰለስክ አለስልሰህ ልምምድ ላይ ብትጠፋ አይግረምህ። ጌይን ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ለብቻህ ልክ የመሰለህ ጌይን ባንድ ውስጥ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይበዛል። ሲበዛ ማር ይመራል እንደሚባለው ነው። ድራይቩን ካሰብከው በታች፣ ሚዱን ካሰብከው በላይ። የሌሚን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነበር።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ቃል። አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ነው፤ መሃሉ ኔጋቲቭ የሆነ ሶኬት። የተገለበጠ መሰኪያ ፔዳል ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ፔዳል በአንድ ገመድ ከቀጠልክና ጩኸት ከሰማህ ኦቨርድራይቩ ጩኸቱን እያሳደገው ሊሆን ይችላል። ለየብቻ የሚያወጣ የኃይል ምንጭ ያስፈልግሃል።

ወደ አንተ ጉዳይ ልመለስ። ሁለት ጊታር፣ ድራምና አንተ። ኪቦርድ የለም። ስለዚህ የታችኛውን ክፍል የምትይዘው አንተ ብቻ ነህ። በዚህ አቀማመጥ ብሌንድ ያለው ፔዳል ውሰድ ነው የምልህ። የራሱ የሚድ ማስተካከያ ካለው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። በራስህ አምፕ የምትጫወት ከሆነ ኤም89ን ወይም ቲኤስ9ቢን ከላይ በነገርኩህ መንገድ ጎን ለጎን ሞክርና እጅህን የሚሰማውን ውሰድ። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ሚክሰር የምትገባ ከሆነ ግን እነሱን ትተህ የሳንስአምፕ ዓይነቱን ፈልግ። እኔ አንድ ፔዳል ብቻ ይዘህ ውጣ ብባል እሱን ነው የማነሳው። ሻካራ ድምፁ ከሌሎቹ ይበልጣል ብዬ አይደለም፤ በየትኛውም መድረክ ላይ ድምፄን ይዞልኝ ስለሚወጣ ነው።

ብርህን ከማውጣትህ በፊት ግን የጓደኛህን ፔዳል አንድ ጊዜ ደግመህ ተዋሰው። ድራይቩን ሩብ ያህል ብቻ ክፈት። ሁለት መስመር የሚያቀላቅል እንደ ቦስ ኤልኤስ-2 ያለ ዕቃ ካገኘህ በአንዱ መስመር ንጹሕ ድምፅህን፣ በሌላው ፔዳሉን አሳልፍ። የሁለቱን መጠን ራስህ አስተካክል። ያ ብሌንድ ነው። ካላገኘህ ሌቭሉን ከለመድከው ከፍ አድርገህ አምፑ ላይ ቤዙን ትንሽ ጨምር፣ ትሬብሉን ቀንስ። ጊታሪስቶቹን ደግሞ ለአንድ ልምምድ ብቻ አምፓቸው ላይ ያለውን የቤዝ ማዞሪያ ዝቅ እንዲያደርጉልህ ለምናቸው። ብዙ ጊታሪስት ብቻውን ሲጫወት ደስ እንዲለው ብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ ያ ቦታ ደግሞ የአንተ ነው። ልምምዱን በስልክ ቅረጸው፤ ስልኩን አምፕህ አጠገብ ሳይሆን ክፍሉ መሃል አስቀምጠው። ፔዳሉን የረገጥክበትን ደቂቃ ጻፍ። ስትሰማው ቤዙ እዚያች ደቂቃ ላይ ወደፊት ከመጣ ምን ዓይነት ፔዳል እንደምትፈልግ ታውቃለህ። አሁንም ከጠፋ ደግሞ ድራይቩ፣ ሌቭሉና ብሌንዱ የት ላይ እንደነበሩ አብረህ ጻፍልኝ። ከዚያ ተነስተን አብረን እናየዋለን።